ጨዋታው የባለሜዳው፤ ዜናውስ የማን?
የቤዝቦል የሬዲዮ ሥርጭት አጀማመርና የአካባቢ ጣቢያዎች ድርሻ

የቤዝቦል የሬዲዮ ሥርጭት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ከአንድ ቀን ተነሥቶ ነው። ኦገስት 5 ቀን 1921 በፒትስበርግ ከተማ፣ ፎርብስ ፊልድ በተባለው ሜዳ፣ ፓይሬትስ የፊላደልፊያውን ፊሊስ 8 ለ 5 ረታ። ሃሮልድ አርሊን የተባለ የ25 ዓመት የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ሠራተኛ ለማይክሮፎንነት የተለወጠ የስልክ መነጋገሪያ ይዞ ከተመልካቾች መካከል ተቀምጦ ነበርና የጨዋታውን ሂደት በኬዲኬኤ ጣቢያ አሰማ። ጣቢያው ሥራ ከጀመረ ገና ዘጠኝ ወሩ ነበር። ከዚህ ቀን ተነሥቶ የሚሄደው ትረካ በታላላቅ አስተላላፊዎች ስም እየተረማመደ እስከ ቴሌቪዥን ዘመን ይደርሳል።

ይህ አተራረክ በፍሬ ነገሩ ትክክል ነው፤ የሚጎድለው ግን ብዙ ነው። የመጀመሪያው ማን እንደ ነበር ማወቅ ሥርጭቱ እንዴት ጸንቶ እንደ ቆየ፣ ወጪውን ማን እንደ ሸፈነ፣ በመጨረሻም የማን ንብረት እንደ ሆነ አይነግርም። ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ዛሬ የሥርጭት መብት የሚባለው ሀብት ከጨዋታው ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የአካባቢ ጣቢያዎች በየከተማው ባፈሩት አድማጭ የተፈጠረ ነው። በ1938 ፍርድ ቤት ይህን ሀብት ለክለቡ ሲሰጥ የተመረኮዘው የዜና ሰብሳቢን ድካም ለመጠበቅ በወጣ መርሕ ላይ ነበር፤ መርሑም በዚያው ውሳኔ ከዘጋቢው እጅ ወጥቶ ወደ ዝግጅቱ ባለቤት ተሻገረ። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ይህ ሽግግር ከተሰጠው ትኩረት የበለጠ ምርመራ ይገባዋል የሚል ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ከሬዲዮ በፊት የነበረው ልማድ

ሬዲዮ የመጣው ዜናው ቀድሞ ከሜዳ መውጣት ወደ ለመደ ጨዋታ ነው። ቤዝቦል ለአጭር መልእክት የተመቸ ነው። ወርዋሪው ይወረውራል፣ መቺው ይመታል ወይም ይስታል፣ ከዚያ ጨዋታው ለጥቂት ጊዜ ጋብ ይላል። እያንዳንዱ ድርጊት ራሱን የቻለ ስለ ሆነ በጥቂት ምልክቶች ተጽፎ በቴሌግራፍ ሊላክ ይችላል። ስለዚህ ከሬዲዮ መምጣት አስቀድሞ ጋዜጦች በቢሮዎቻቸው ደጃፍ ትላልቅ ሰሌዳዎችን ይተክሉ ነበር። የዓመቱ ሻምፒዮን በሚለይበት የዓለም ሲሪስ ወቅት ሕዝቡ ከእነዚህ ሰሌዳዎች ሥር ቆሞ ሩቅ ከተማ የሚካሄደውን ጨዋታ ውርወራ በውርወራ ይከታተል ነበር። ክለቦችም ከቴሌግራፍ ኩባንያዎች ጋር ይዋዋሉ ነበርና ከሜዳ የሚወጣ ዜና ዋጋ እንዳለው ያውቁ ነበር።

ሬዲዮ ግን ይህን ልማድ በአንድ ነገር አናጋው። የቴሌግራፍ መልእክት ላኪውም ተቀባዩም ከፋዩም ይታወቃል። የሬዲዮ ሞገድ ግን መቀበያ ላለው ሁሉ ይደርሳል፤ አድማጩን ቆጥሮ ሂሳብ የሚያስከፍል መንገድ አልነበረም። በዚህ ምክንያት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክለቦች ሥርጭቱን እንደ ሸቀጥ ሳይሆን እንደ እንግዳ ነገር ተመለከቱት፤ አንዳንዱ በቸርነት፣ አንዳንዱ በጥርጣሬ።

በ1921 የዓለም ሲሪስ ላይ ሁለት የአሠራር መንገዶች ጎን ለጎን ታይተዋል። ግራንትላንድ ራይስ የተባለው የስፖርት ጸሐፊ በኒው ዮርክ ፖሎ ግራውንድስ ሜዳ ተገኝቶ በኬዲኬኤ አስተላለፈ። ቶሚ ካዋን ደግሞ በኒውአርክ ከሚገኘው የደብሊውጄዚ ስቱዲዮ ሳይወጣ፣ አንድ ጋዜጠኛ ከሜዳው በስልክ የሚነግረውን እየተቀበለ ለአድማጭ ደገመው። አንዱ ያየውን፣ ሌላው የሰማውን ተናገረ። ለአድማጩ ሁለቱም ያው ጨዋታ ነበሩ። ጨዋታው አንድ ነገር፣ የጨዋታው ትረካ ሌላ ነገር መሆኑ ከጅምሩ ታይቶ ነበር።

ከአንድ ቀን ሙከራ ወደ ዘወትር ሥርጭት

ከ1923 ጀምሮ እንደ ግራሃም ማክናሚ ያሉ ድምፆች የዓለም ሲሪስን ለሰፊው አገር አሰሙ። የዓለም ሲሪስ ግን የጥቂት ቀናት በዓል ነው። የአንድ ክለብ የውድድር ዘመን በዚያን ጊዜ 154 ጨዋታዎች ነበሩት፤ ግማሾቹም በከተማው የሚካሄዱ ናቸው። ይህን የዕለት ተዕለት ጨዋታ ወደ ቤት ያስገቡት የአካባቢ ጣቢያዎች ናቸው፤ ሥርጭቱን ከትርኢትነት ወደ ልማድነት የለወጡትም እነርሱ ናቸው።

ዋነኛው ምሳሌ ቺካጎ ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ ሃል ቶተን በደብሊውኤምኤኪው ጣቢያ የከተማዋን የሜዳ ጨዋታዎች በመደበኛነት ማስተላለፍ ጀመረ። የጣቢያው ባለቤት የቺካጎ ዴይሊ ኒውስ ጋዜጣ ሲሆን ሥራ አስኪያጇ ጁዲት ዎለር የተባለች ሴት ነበረች። የከብስ ክለብ ባለቤት ዊልያም ሪግሊ ለሥርጭቱ ገንዘብ አልጠየቀም፤ እንዲያውም በርካታ ጣቢያዎች አንዱን ጨዋታ በአንድ ጊዜ እንዲያስተላልፉ በሩን ከፈተ። ማስቲካ ሻጩ ሪግሊ ማስታወቂያ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ነጋዴ ነበር። በ1927 ከብስ በናሽናል ሊግ ታሪክ በአንድ የውድድር ዘመን ከ1 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ያስተናገደ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ።

ይህን ቁጥር የሬዲዮ ውጤት ብቻ አድርጎ መውሰድ አይገባም። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሬዲዮ የሚተላለፈው ዋይት ሶክስ ተመሳሳይ ዕድገት አላሳየም፤ የከብስ ቡድን በእነዚያ ዓመታት እየጠነከረ መሄዱም የታወቀ ነው። ከቺካጎ በእርግጠኝነት ሊወሰድ የሚችለው ትምህርት ጠበብ ያለ ነው። በነፃ የተሰራጨ ጨዋታ ሜዳውን ባዶ አላስቀረም። ክለቦች በቀጣዮቹ ዓመታት ደጋግመው ያነሡት ሥጋት ግን በትክክል ይህ ነበር።

አድማጩ ማን ነበር የሚለውም ጥያቄ ከጨዋታው ሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። በትልልቆቹ ሊጎች የመጀመሪያው የምሽት ጨዋታ በሲንሲናቲ የተካሄደው በሜይ 1935 ነው። ከዚያ በፊት ጨዋታ ሁሉ በቀን ነበር። ስለዚህ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ የሚከፍተው በአብዛኛው ሜዳ መሄድ የማይችል ሰው ነው፤ ቤት የምትውል ሴት፣ ሱቁን የማይተው ነጋዴ፣ አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ። የአካባቢ ጣቢያ ያደረገው ትኬት ገዢን ከሜዳ ማስቀረት ሳይሆን፣ በትኬት ሽያጭ መዝገብ ስሙ ያልነበረን ሰው ወደ ጨዋታው ማስገባት ነበር።

ርቀትም እንዲሁ ነው። በትልልቆቹ ሊጎች ከነበሩት 16 ክለቦች ከሴንት ሉዊስ በስተ ምዕራብ የሚገኝ አንድም አልነበረም። በሜዳና በደን ተበታትኖ ለሚኖረው ገበሬ የሴንት ሉዊሱ ኬኤምኦኤክስና መሰሎቹ ያልረገጠውን ሜዳ የራሱ አደረጉለት። በዲትሮይት ከ1927 ጀምሮ በደብሊውደብሊውጄ ያስተላልፍ የነበረው ታይ ታይሰንም ለዚህ ምስክር ነው። በ1934 የቤዝቦል ኮሚሽነር የነበሩት ዳኛ ላንዲስ ታይሰን ለከተማው ቡድን ያደላል በማለት ከዓለም ሲሪስ አገር አቀፍ ሥርጭት አገለሉት። የከተማው አድማጮች በፊርማ ተቃወሙ፤ ታይሰንም ቢያንስ በራሱ ጣቢያ እንዲያስተላልፍ ተፈቀደለት። እነዚህ አድማጮች ለሬዲዮ ምንም አልከፈሉም፤ ነገር ግን ድምፁን እንደ ራሳቸው ድምፅ ቆጠሩት።

ያልታየን ጨዋታ መተረክ

ክለቡ ከከተማው ውጭ ሲጫወት አስተላላፊ ልኮ የስልክ መስመር መከራየት ውድ ነበር። ጣቢያዎች መፍትሔውን ከቴሌግራፉ ልማድ አገኙት። በሜዳው የተቀመጠ የቴሌግራፍ ሠራተኛ እያንዳንዱን ድርጊት በአጭር ምልክት ይልካል። በስቱዲዮ ያለው አስተላላፊ ቁራጭ ወረቀቱን ተቀብሎ በዓይኑ እንዳየ አድርጎ ይተርከዋል። እንጨት በእንጨት እየተመታ የዱላው ድምፅ ይሰማል፤ የሕዝቡ ጩኸት ከሸክላ ይለቀቃል። በወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ወይም ሁለት ቃል ነው። የወርዋሪው ማመንታት፣ የመቺው አቋቋም፣ የሰማዩ ሁኔታ ሁሉ ከተራኪው የሚመጣ ነው።

የዚህ አሠራር ዝነኛ ምሳሌ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሮናልድ ሬገን ነው። በ1930ዎቹ በአዮዋ ግዛት ዴሞይን ከተማ በደብሊውኤችኦ ጣቢያ የከብስን ጨዋታዎች በዚህ መንገድ ያስተላልፍ ነበር። ራሱ ከጊዜ በኋላ ደጋግሞ እንዳወጋው፣ አንድ ቀን የቴሌግራፍ መስመሩ በጨዋታ መካከል ተቋረጠ። ሬገን ዝም ከማለት ይልቅ መቺው ቢሊ ጀርጀስ ኳሷን ደጋግሞ ከመስመር ውጭ ሲመታ እንደሚታይ አድርጎ ለበርካታ ደቂቃዎች ተረከ። መስመሩ ሲመለስ የመጣው መልእክት ጀርጀስ በመጀመሪያው ውርወራ ከጨዋታ መውጣቱን የሚገልጽ ነበር።

ይህ ወግ አብዛኛውን ጊዜ ለሣቅ ይነገራል። ለተመራማሪ ግን ከሣቅ ያለፈ ቁም ነገር አለው። ሬገን ያስተላለፈው ከብስ ያዘጋጀውን ጨዋታ ነው፤ የእነዚያን ደቂቃዎች ትረካ ግን ክለቡ አላዘጋጀውም፣ ሜዳው ላይም አልተፈጸመም። አድማጭ ሲሰማው የነበረው በከፊል የክለቡ፣ በከፊል የተራኪው ሥራ ነበር። በእርግጥ ይህ አሠራር አድማጩን የሚያሳስትበት ገጽታ ነበረው፤ ይህም ሊነቀፍ ይገባል። ቢሆንም ትረካ ራሱን የቻለ ድካምና ጥበብ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ አይገኝም።

ሥጋት፣ ክልከላና የዋጋ መገለጥ

በ1930 ወደ 10 ሚሊዮን ደርሶ የነበረው የትልልቆቹ ሊጎች ተመልካች በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት በ1933 ወደ 6 ሚሊዮን አሽቆለቆለ። የክለብ ባለቤቶች ከሥራ አጥነት ይልቅ በቅርብ የሚታያቸውን ሬዲዮን ወነጀሉ። ሥርጭትን በአጠቃላይ የመከልከል ሐሳብ ቢቀርብም ውሳኔው ለየክለቡ ተተወ። በሴንት ሉዊስ በ1934 የሜዳ ጨዋታዎች ሥርጭት ተከለከለ። በዚያው ዓመት ካርዲናልስ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ የተመልካቹ ቁጥር ግን ሻምፒዮን ከሆነበት ከ1931 እጅግ ያነሰ ነበር። ድቀቱ ራሱ ብርቱ ምክንያት ስለ ሆነ ይህ ሬዲዮ ተመልካች ይጨምራል ለሚለው ማረጋገጫ አይሆንም። መከልከል ተመልካች ይመልሳል የሚለውን እምነት ግን አይደግፍም። ክለቡም በቀጣዩ ዓመት ወደ ሥርጭት ተመለሰ። ሦስቱ የኒው ዮርክ ክለቦች ደግሞ ከ1934 እስከ 1938 ለአምስት ዓመታት በስምምነት በራቸውን ዘጉ። ስምምነቱን በ1939 ያፈረሰው ላሪ ማክፌይል ነው፤ ሬድ ባርበርን ከሲንሲናቲ ወደ ብሩክሊን አምጥቶ ሥርጭት አስጀመረ።

የባለቤቶቹን ሐሳብ የለወጠው ክርክር አልነበረም፤ ገንዘብ ነው። በ1933 የዊቲስ ቁርስ አምራች ጄኔራል ሚልስ በሚኒያፖሊስ የአካባቢውን ቡድን ሥርጭት ስፖንሰር ማድረግ ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ በየከተማው የቤዝቦል ሥርጭት ዋነኛ ከፋይ ሆነ። በ1934 የፎርድ ኩባንያ ለዓለም ሲሪስ የሬዲዮ ሥርጭት 100,000 ዶላር ከፈለ። በዚያው ዓመት ሬዲዮ አምራችና የጣቢያ ባለቤት የነበረው ፓወል ክሮስሊ የሲንሲናቲን ክለብ ገዛ። የነገሩ ቅደም ተከተል ልብ ሊባል ይገባዋል። በመጀመሪያ ጣቢያዎች አድማጭ አፈሩ፤ ቀጥሎ አስተዋዋቂዎች አድማጩን ፈልገው መጡ፤ ክለቦች መብቱ የእኛ ነው ብለው አጥብቀው የተከራከሩት ከዚህ በኋላ ነው።

የፒትስበርግ ክርክር

ጥያቄው በ1938 የመጀመሪያው ሥርጭት በተካሄደባት ከተማ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፓይሬትስ የጨዋታውን ብቸኛ የሥርጭት መብት ለጄኔራል ሚልስ ሸጦ ነበር፤ ሥርጭቱም በኬዲኬኤና በሌላ አንድ የከተማው ጣቢያ ይተላለፍ ነበር። ኬኪውቪ የተባለው ተፎካካሪ ጣቢያ መብት አልገዛም። ነገር ግን ከፎርብስ ፊልድ ውጭ፣ አጥሩን አሻግሮ ሜዳውን የሚያሳይ ቦታ ተከራይቶ ተመልካቾቹን አስቀመጠና እነርሱ የሚያዩትን አሰራጨ። ወደ ሜዳው አልገባም፤ የማንንም ሥርጭት አልቀዳም፤ ለዚህ ፕሮግራሙም ስፖንሰር አልነበረውም።

የፌዴራሉ ፍርድ ቤት በኬኪውቪ ላይ የእግድ ትእዛዝ ሰጠ። ክለቡ ጨዋታውን ስለ ፈጠረ፣ ሜዳውን ስለሚቆጣጠርና የዜናውን አወጣጥ ስለ ገደበ፣ ከጨዋታው በኋላ ለተገቢ ጊዜ በዜናው ላይ የንብረት መብት አለው አለ። ጣቢያው በቀጥታ ገንዘብ አላገኘም መባሉም አላዳነውም፤ ሥርጭቱ ሌላ ማስታወቂያ ለመሳብ የሚረዳ ነው ተባለ።

ለውሳኔው መሠረት ከሆኑት አንዱ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1918 ፍርድ ነው። በዚያ ጉዳይ አሶሺየትድ ፕሬስ በራሱ ዘጋቢዎችና በራሱ ወጪ የሰበሰበውን ዜና ኢንተርናሽናል ኒውስ ሰርቪስ እየወሰደ ይሸጥ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህን ያልተገባ የንግድ ውድድር ብሎ አገደ፤ የከለከለውም ያልዘሩትን ማጨድ ነበር። የተጠበቀው ድካም የዜና ሰብሳቢው ድካም ነው። ዜናው የሚናገርላቸው ድርጊቶች የማንም ንብረት እንዳልሆኑ በዚያው ፍርድ ተገልጿል።

በፒትስበርግ ግን ዜናውን የሰበሰበው ማን ነበር? በተከራየው ቦታ፣ በራሱ ሠራተኞች፣ በራሱ ወጪ የሰበሰበው ኬኪውቪ ነው። በ1918 መርሕ ቢመዘን ጣቢያው ይበልጥ የሚመስለው ተከሳሹን ሳይሆን ከሳሹን አሶሺየትድ ፕሬስን ነው። የፒትስበርጉ ፍርድ ቤት ጥበቃውን ከዘጋቢው ድካም አንሥቶ በዝግጅቱ አምራች ድካም ላይ አኖረው። ይህ ተራ የመርሕ አፈጻጸም ሳይሆን የመርሑ መለወጥ ነው። በውሳኔውም ለውጡ የሚገባውን ያህል ማብራሪያ አላገኘም።

የክለቡ ወገን የሚያቀርበው መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ሜዳ የሚሠራው፣ ለተጫዋች የሚከፍለው፣ ኪሳራም ቢመጣ የሚሸከመው ክለቡ ነው። አጥር አሻግሮ የሚያይ ሁሉ ያለ ክፍያ ማሰራጨት ከቻለ መብቱን በገንዘብ የሚገዛ አይኖርም፤ ገቢው ሲደርቅም ጨዋታው ራሱ ይጎዳል። ይህ ሥጋት ምክንያታዊ ነው፤ የውሳኔውም ጥንካሬ በዚህ ላይ ነው። ሆኖም ከዚህ ሥጋት የሚከተለው ክለቡ በሚሸጠው ሥርጭት ላይ ጥበቃ ማግኘቱ እንጂ በዜናው ላይ ባለቤትነት ማግኘቱ አይደለም። ሁለቱን መለየት ይቻል እንደ ነበር የኋላው ታሪክ ያሳያል። የ1976ቱ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ እየተላለፈ ሳለ የሚቀረጽን ሥርጭት እንደ ሥራ ይጠብቃል። በ1997 ደግሞ አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ የቅርጫት ኳስ ጨዋታዎችን በሬዲዮና በቴሌቪዥን እየተከታተሉ ውጤቱን ወደ ኪስ መሣሪያ ይልኩ የነበሩትን ሞቶሮላንና ተባባሪውን ነፃ ሲያወጣ፣ ሥርጭቱ ባለቤት ቢኖረውም የጨዋታው ፍሬ ነገሮች ግን ባለቤት እንደሌላቸው፣ ተከሳሾቹም መረጃውን በራሳቸው ድካም እንደ ሰበሰቡ ገለጸ። በ1938 ለኬኪውቪ ያልተሰጠው ልዩነት ከ59 ዓመታት በኋላ ለሌላ ተሰጠ።

ለጥናት የሚተርፈው

ከዚህ ታሪክ ለብሮድካስት ታሪክ ጥናት ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው የመነሻ ነጥብን የሚመለከት ነው። የ1921ዱ የአርሊን ሥርጭት አልተቀረጸም፤ የዚያ አሥርት ዓመት የዕለት ተዕለት ሥርጭቶችም በአየር ላይ ጠፍተው ቀርተዋል። የዋሽንግተኑ ደብሊውጄኤስቪ ጣቢያ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1939 ያሰራጨው ሁሉ፣ የቀኑን የቤዝቦል ጨዋታ ጨምሮ፣ ተቀርጾ መገኘቱ ውድ የሆነውም ስለዚህ ነው። ድምፁ ሲጠፋ የሚቀረው ውል፣ የክስ መዝገብና የጋዜጣ ፕሮግራም ነው። እነዚህም ሰነዶች ከጀግኖች ድምፅ ይልቅ የጥቅም ግጭትን ይናገራሉ፤ ታሪኩም ከእነርሱ ተነሥቶ ሊጻፍ ይገባል።

ሁለተኛው ዝምታን የሚመለከት ነው። በዘር መለያየት ከትልልቆቹ ሊጎች የተገለሉት ጥቁር ተጫዋቾች የሚጫወቱባቸው ሊጎች በእነዚያ ዓመታት የዘወትር የሬዲዮ ሥርጭት አልነበራቸውም። የሥርጭት ዋጋ በአስተዋዋቂ ፍላጎት በሚለካበት ሥርዓት ውስጥ፣ አስተዋዋቂ ያልፈለገው ጨዋታ ተመልካች እያለው ድምፅ አጣ። የመብትን ታሪክ የሚያጠና ሰው መብት ተብሎ ሊሸጥ ያልበቃውንም አብሮ መመርመር አለበት።

ክለቦች ለጨዋታው ባለቤት መሆናቸው አያከራክርም። የጨዋታውን ትረካ ውድ ያደረጉት ግን ሌሎች ናቸው፤ በነፃ በሩን የከፈተው ባለሀብት፣ ከቁራጭ ወረቀት ጨዋታ የሚሠራው ተራኪ፣ ለከተማው ድምፅ የፈረመው አድማጭ። የ1938ቱ ውሳኔ ከእነዚህ አንዱንም በሚዛኑ ላይ አላስቀመጠም። ዛሬ በቢሊዮን ዶላር የሚሸጠውን የሥርጭት መብት ታሪክ የሚጽፍ ተመራማሪ ይህን ጉድለት የመሙላት ኃላፊነት አለበት።